ግራ የሚያጋባ የቮልቴጅ ንባብ፦ መልቲሜትሩ የትኛውን ጥያቄ እንደመለሰ ለይቶ የማወቅ መመሪያ

አንድ የሳተላይት ሪሲቨር «አይነሳም» ተብሎ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። የፓወር ሰፕላዩን (ኃይል የሚሰጠውን ክፍል) ገመድ ከዋናው ቦርድ ነቅለን የ5 ቮልቱን መስመር ስንለካው 5.1 ቮልት እናገኛለን፤ ገመዱን መልሰን ስንሰካው ግን ያው መስመር ወደ 3.8 ቮልት ይወርዳል። ጀማሪ ጠጋኝ እዚህ ላይ ከሁለት ድምዳሜዎች አንዱን ይይዛል፦ ወይ «ፓወር ሰፕላዩ ደህና ነው፣ ሾርት የሆነው ዋናው ቦርድ ነው» ይላል፣ ወይ ደግሞ መልቲሜትሩን ተጠራጥሮ ከጎረቤት ሌላ ይዋሳል። ሁለቱም ቁጥሮች ግን ትክክል ናቸው። ስህተቱ ያለው በሁለቱ ልኬቶች የተጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው ብሎ ማሰቡ ላይ ነው። ወደዚህ ሪሲቨር መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

መልቲሜትር በቮልት ላይ ሲደረግ የሚመልሰው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ በሁለቱ ፕሮቦች (በቀዩና በጥቁሩ የመለኪያ ጫፎች) መካከል፣ መለኪያው ራሱ በተጨመረበት ሁኔታ፣ በአማካይ ስንት ቮልት አለ? ስለ ሦስተኛ ነጥብ አይናገርም፤ መስመሩ ስንት አምፔር መስጠት እንደሚችል አይናገርም፤ በሰከንድ ሺህ ጊዜ የሚወጣና የሚወርድ ቮልቴጅ ቢኖርም ያንን አያሳይም። ግራ ያጋቡኝን ልኬቶች ወደኋላ ሳስባቸው አብዛኞቹ ከእነዚህ ነገሮች አንዱን በመዘንጋት የመጡ ነበሩ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የተዘጋጀው እነዚህን ነገሮች አንድ በአንድ እያጠራ እንዲሄድ ነው።

ቅድሚያ ለጥንቃቄ

የቤታችን ሶኬት 220 ቮልት ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር) ነው። በስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ግን ይህ ቮልቴጅ በዳዮዶች ተስተካክሎ ወደ ትልቁ ካፓሲተር (ኃይል አጠራቃሚ ክፍል) ሲገባ 220 በ1.414 ተባዝቶ 311 ቮልት ገደማ ዲሲ (አቅጣጫው የማይቀየር) ይሆናል፤ ካፓሲተሩ ላይ 400 ወይም 450 ቮልት ተብሎ የሚጻፈውም በዚህ ምክንያት ነው። ፓወር ሰፕላዩ ሥራ ያቆመ ከሆነ አደጋው ይብሳል፤ የተጠራቀመውን ኃይል የሚበላ ነገር ስለሌለ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ እንደተሞላ ሊቆይ ይችላል። በመሆኑም ቦርዱን በእጅ ከመንካትዎ በፊት ባለ 10 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር በተሸፈነ መያዣ ይዘው በካፓሲተሩ ሁለት እግሮች ላይ ለአሥር ሰከንድ ያህል ያስነኩ፤ ለ100 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ይህ ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ በመልቲሜትሩ ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ። በካቻቢቴ ሾርት የሚያደርጉ ባለሙያዎች አሉ፤ የሚፈነጥቀው ብልጭታ ዓይንንም ቦርድንም ስለሚጎዳ አልመክረውም።

ሌላው ብዙ ፊውዝ ያስጨረሰ ስህተት፣ ቀዩን ፕሮብ አምፔር ለመለካት በተሰካበት ቀዳዳ ላይ እንደተወ ቮልት ለመለካት መሞከር ነው። የ10 አምፔሩ ቀዳዳ በውስጡ ወፍራም ሽቦ ብቻ ስለሆነ መለኪያው ሾርት ማድረጊያ ይሆናል። መምረጫውን ከማዞር በፊት ቀዳዳውን ማየት ልማድ ይሁን።

መለኪያውን መጠርጠር

እንግዳ ቁጥር ሲታይ ቦርዱን ከመክሰስ በፊት መለኪያውን መፈተን ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ፕሮቦቹን እርስ በርስ ያነካኩ፤ ዲሲ ቮልት ላይ ዜሮ መምጣት አለበት። ከዚያ አዲስ የአልካላይን ባትሪ ድንጋይ ይለኩ፤ ከ1.5 እስከ 1.6 ቮልት ይጠበቃል። ሲለኩ ገመዶቹን ከፕሮቡ አንገት አካባቢ ያጣጥፏቸው፤ ቁጥሩ ከዘለለ ሽቦው ከውስጥ ተበጥሷል ማለት ነው፣ ይህ ደግሞ ከሚታሰበው በላይ የተለመደ ብልሽት ነው። ፕሮቦቹ ምንም ሳይነኩ አየር ላይ ሲሆኑ ጥቂት ሚሊ ቮልት ቢዋዥቅ ግን የሚያሳስብ ነገር የለም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው የመልቲሜትሩ የራሱ ባትሪ ሲደክም የሚሆነውን ነው። ቁጥሩ ይቀንሳል ብለን እንጠብቃለን፤ በብዙ ርካሽ መለኪያዎች ላይ ግን ይጨምራል። መለኪያው የመጣለትን ቮልቴጅ የሚመዝነው በውስጡ ካለ ማነጻጸሪያ ቮልቴጅ ጋር እያስተያየ ነው፤ ባትሪው ሲደክም ማነጻጸሪያው ስለሚወርድ የሚለካው ነገር በአንጻሩ ትልቅ ሆኖ ይታያል። ሚዛኑ ራሱ ቀለለ እንጂ እህሉ አልከበደም። ደህናው የመኪና ባትሪ ከልክ በላይ የተሞላ፣ ሁሉም ፓወር ሰፕላይ ከፍ ያለ መስሎ በታየዎት ቀን የ9 ቮልቱን ባትሪ ይቀይሩ።

የመምረጫ ስህተትም የራሱ ምልክት አለው። ቢጫው ዲቲ 830 የሚባለው ርካሽ መልቲሜትርና መሰሎቹ በኤሲ ቮልት ላይ እንደተደረጉ የ9 ቮልት ባትሪ ቢለካባቸው በአንዱ አቅጣጫ 20 ቮልት ገደማ፣ ፕሮቦቹ ሲገለበጡ ደግሞ ዜሮ ያሳያሉ። ምክንያቱ እነዚህ መለኪያዎች የኤሲውን ግማሽ ብቻ በዳዮድ አሳልፈው ውጤቱን በ2.22 ስለሚያባዙት ነው፤ ዲሲ ሲመጣ ማባዛቱ ከንቱ ይሆናል። ሬንጁን በራሱ በሚመርጥ መለኪያ ላይ ደግሞ ከቁጥሩ አጠገብ ያለችውን የሚሊ ምልክት ይመልከቱ፤ 4.8 ሚሊ ቮልትን 4.8 ቮልት ብሎ አንብቦ ሰዓታት ያባከነ ሰው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ እገምታለሁ።

የሚጠብቁትን ቁጥር በወረቀት መጻፍ

ፕሮቡን ከማሳረፍዎ በፊት የሚጠብቁትን ቁጥር ይጻፉ። ይህን የማያደርግ ሰው የመጣለትን ቁጥር ሁሉ «ይሆናል» ብሎ ይቀበላል። ምሳሌ እንውሰድ፦ በ12 ቮልት ላይ ባለ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና ቀይ ኤልኢዲ በተከታታይ ተያይዘዋል። ቀይ ኤልኢዲ ሲበራ 2 ቮልት ገደማ ስለሚይዝ ሬዚስተሩ ላይ 10 ቮልት ይቀራል፤ ከረንቱም 10 ሚሊ አምፔር ይሆናል። ጉስታቭ ኪርሾፍ በ1845 እንዳስቀመጠው ሕግ፣ በአንድ ቀለበት ውስጥ ያሉት ቮልቴጆች ተደምረው ከምንጩ ጋር እኩል መሆን አለባቸው፤ እዚህም 10 እና 2 ተደምረው 12 ይሰጣሉ።

ይህ ድምር ትልቁ መመርመሪያችን ነው። ኤልኢዲው ካልበራና ሬዚስተሩ ላይ ዜሮ፣ ኤልኢዲው ላይ 12 ቮልት ካገኘን፣ ድምሩ ትክክል ስለሆነ መለኪያው አላሳሳተንም፤ ከረንት የለም ማለት ነው፣ መንገዱም የተቋረጠው ኤልኢዲው ውስጥ ነው፣ ወይም ኤልኢዲው ተገልብጦ ገብቷል። በተቃራኒው ሬዚስተሩ ላይ 12 ቮልት፣ ኤልኢዲው ላይ ዜሮ ከሆነ ወይ ሬዚስተሩ ተበጥሷል ወይ ኤልኢዲው ሾርት ሆኗል። ድምሩ 12 ሳይሞላ ሲቀር ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የጎደለው ቮልቴጅ ያልለካነው ቦታ ላይ አለ፣ ወይም መለኪያው ራሱ ወስዶታል።

ሁለቱ ነጥቦች የት ናቸው?

«እዚህ ጋ ስንት ቮልት አለ?» የሚለው አነጋገር ጎዶሎ ነው፤ ከየት አንጻር የሚለው ይቀረዋል። ጥቁሩን ፕሮብ አንድ ቦታ ከክሊፕ ጋር አስረን በቀዩ ብቻ ስንዞር፣ ያ ቦታ በእርግጥ የሰርኪቱ ግራውንድ (ሌሎቹ ቮልቴጆች የሚለኩበት የዜሮ ነጥብ) መሆኑን ማወቅ አለብን። በስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ላይ ሁለት ግራውንዶች አሉ፦ በትራንስፎርመሩ አንድ ወገን የትልቁ ካፓሲተር ኔጋቲቭ፣ በሌላው ወገን ደግሞ የውጤቱ ኔጋቲቭ። ሁለቱ በሽቦ አይገናኙም። ጥቁሩን በአንዱ አድርገን ቀዩን በሌላው ወገን ብናሳርፍ የምናገኘው ቁጥር ምንም ትርጉም የለውም፤ እጃችንን ስናንቀሳቅስ እንኳ ሊለወጥ ይችላል። ድንበሩን ለማግኘት ቀላሉ መንገድ ፒሲ 817ን የመሰለውን ባለ አራት እግር ኦፕቶኮፕለር (ሲግናልን በብርሃን የሚያሻግር ክፍል) መፈለግ ነው፤ ሁለት እግሮቹ በአንዱ ወገን፣ ሁለቱ በሌላው ወገን ስለሚቆሙ ድንበሩ በመካከሉ ያልፋል።

ግራውንድ የሚባለው ሽቦም ራሱ ከሬዚስታንስ ነጻ አይደለም። በ0.1 ኦም ገመድ ውስጥ 2 አምፔር ሲያልፍ 0.2 ቮልት ይቀራል። ሞተር በተነሳ ቁጥር የሙቀት ሴንሰሩ ቁጥር የሚዘል ከሆነ፣ ጥቁሩን ፕሮብ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ቀዩን በሴንሰሩ የግራውንድ እግር ላይ አድርገው ሞተሩን ያስነሱ፤ ዜሮ መሆን የነበረበት ቦታ 0.2 ቮልት ካሳየ ጥፋቱ የሴንሰሩ ሳይሆን የገመዱ ወይም የብየዳው ነው።

ፊውዝም በዚህ ብዙ ያሳስታል። በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ሙሉውን ቮልቴጅ ካገኘን ፊውዙ ተቃጥሏል፤ ዜሮ ካገኘን ግን ወይ ደህና ነው ወይ ከመጀመሪያውም የመጣ መብራት የለም። ስለዚህ ሁለቱንም ጫፎች እያንዳንዳቸውን ከግራውንድ ጋር መለካት ይሻላል።

መለኪያው የሚወስደው ድርሻ

አብዛኞቹ ዲጂታል መልቲሜትሮች በዲሲ ቮልት ላይ 10 ሜጋ ኦም ሬዚስታንስ አላቸው፤ ዲቲ 830 መሰሎቹ 1 ሜጋ ኦም ብቻ ናቸው። ፕሮብ ማሳረፍ ማለት ይህን ሬዚስተር በዚያ ቦታ ላይ ማያያዝ ማለት ነው። ሰርኪቱ በኪሎ ኦም ደረጃ ከሆነ ጉዳቱ አይታይም፤ በሜጋ ኦም ደረጃ ከሆነ ግን መለኪያው የሚለካውን ነገር ይለውጠዋል።

በ12 ቮልት ላይ ሁለት ባለ 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተሮች በተከታታይ ይያያዙ። መሐሉ ላይ 6 ቮልት እንጠብቃለን። ባለ 10 ሜጋ ኦም መለኪያ የታችኛው ሬዚስተር ላይ ሲያርፍ ሁለቱ አንድ ላይ 0.909 ሜጋ ኦም ስለሚሆኑ የሚታየው 5.71 ቮልት ነው። የላይኛውን ብቻውን ብንለካም ያው 5.71 ይመጣል። ተደምረው 11.43፤ ከ12 ውስጥ 0.57 ቮልት ጠፋ! በባለ 1 ሜጋ ኦሙ መለኪያ ደግሞ እያንዳንዳቸው 4 ቮልት ያሳያሉ፣ ድምራቸውም 8 ብቻ ነው። የቀደመው ክፍል ድምር እዚህ ጋ ጠቀመን፤ የክፍሎቹ ድምር ከሙሉው ሲያንስ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ መለኪያው ነው።

የሰርኪቱ ንድፍ በእጅዎ ከሌለ ሌላ ዘዴ አለ። ቦታውን በአንድ መልቲሜትር ይለኩና ቁጥሩን ይጻፉ፤ ከዚያ ያንን ሳያነሱ ተመሳሳይ ሁለተኛ መልቲሜትር በዚያው ቦታ ላይ ይጨምሩ። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ቦታው ጠንካራ ነው፣ የመጀመሪያውን ቁጥር ይመኑ። ከወረደ ግን እውነተኛውን ቮልቴጅ ማስላት ይቻላል፦ ሁለቱን ንባቦች እርስ በርስ ያባዙ፤ ከዚያ ሁለተኛውን ንባብ በ2 አባዝተው የመጀመሪያውን ይቀንሱለት፤ የብዜቱን ውጤት በዚህ ያካፍሉ። በምሳሌያችን የመጀመሪያው 5.714፣ ሁለተኛው 5.455 ነው። ብዜታቸው 31.17፤ ማካፈያው 10.91 ሲቀነስ 5.714፣ ማለትም 5.196፤ ውጤቱ 6.0 ቮልት። መለኪያዎቹ እኩል የውስጥ ሬዚስታንስ ካላቸው ይህ ስሌት በትክክል ይሠራል።

ከዚህ ጋር የሚዛመደው በግድግዳ ሽቦ ላይ የሚታየው የሙት ቮልቴጅ ነው። ማብሪያው ጠፍቶ፣ ሽቦው ከምንም ሳይያያዝ መልቲሜትሩ 40 ወይም 80 ቮልት ኤሲ ያሳያል። ያ ሽቦ በአንድ ቱቦ ውስጥ ከፌዝ ሽቦ ጋር ረጅም መንገድ ስለሄደ ሁለቱ እንደ ትንሽ ካፓሲተር ይሆናሉ፤ የሚሻገረው ከረንት እጅግ ጥቂት ቢሆንም መለኪያው ራሱ ከዚያ በላይ ስለማይጠይቅ ቁጥሩ ይታያል። ባለ ፍላመንት ተራ አምፖል ከመስመሩ ጋር ቢያያዝ ቮልቴጁ ወዲያውኑ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ማብሪያው ጠፍቶ ሳለ ሌሊት ሌሊት ድንግዝግዝ የሚሉ ወይም ብልጭ ድርግም የሚሉ ኤልኢዲ አምፖሎችም ብዙውን ጊዜ በዚሁ ሰበብ ነው፤ መንፈስ ወይም የቆጣሪ ችግር አይደለም። ሆኖም የሙት ቮልቴጅ መሆኑ በአምፖል እስኪረጋገጥ ድረስ ሽቦው ሕይወት እንዳለው ተደርጎ መቆጠር አለበት።

የላፕቶፕ ቻርጀር ሲሰካ የላፕቶፑ የብረት ገላ እጅን የሚነዝረውም ዘመዱ ነው። ቻርጀሩ ውስጥ በዋናው መስመርና በውጤቱ መካከል ለጣልቃ ገብ ሞገድ ማጥፊያ የተደረገ ትንሽ ካፓሲተር አለ፤ ሶኬቱ የመሬት መስመር ከሌለው ገላው ከመሬት አንጻር በብዛት 100 ቮልት ገደማ ኤሲ ያሳያል። ባለ 10 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር በገላውና በመሬት መካከል አያይዘው በሬዚስተሩ ጫፎች ላይ ይለኩ። ጥቂት ቮልት ላይ ከወረደ የተባለው ካፓሲተር ነው፣ መፍትሔውም የመሬት መስመር ያለው ሶኬት ነው። ከፍ እንዳለ ከቀረ ግን ቻርጀሩ ውስጥ እውነተኛ የከረንት መፍሰስ አለ፤ ይንቀሉት፣ መልሰውም አይሰኩት።

በዲጂታል ቦርዶች ላይ ያልተያያዘ የሲሞስ አይሲ (መግቢያው ከረንት የማይስብ ያህል የሆነ ቺፕ) መግቢያ እግር ሲለካ 1.2 ቮልት፣ እጅ ሲጠጋ 2.4፣ ፕሮቡ ሲነሳ ደግሞ ሰርኪቱ ራሱ ባሕርዩን ይለውጣል። ይህ የተበላሸ አይሲ ሳይሆን የተንሳፈፈ እግር ነው፤ 10 ኪሎ ኦም ወደ ፖዘቲቩ ወይም ወደ ግራውንዱ ያድርጉለት።

ቮልቴጅ አለ፣ ከረንት የለም

የደከመ የ9 ቮልት ባትሪ ያለ ሥራ ሲለካ 8.6 ቮልት ሊያሳይ ይችላል፤ 100 ኦም ሬዚስተር ሲያያዝበት 4 ቮልት ላይ ይወድቃል። ባትሪው በውስጡ ከ100 ኦም በላይ ሬዚስታንስ አብቅሏል። የብየዳ ስንጥቅ፣ የዛገ ሶኬት፣ ጫፉ የጠቆረ ሪሌይም እንዲሁ ናቸው፤ ምንም ሳይያያዝባቸው ሙሉ ቮልቴጅ ያሳልፋሉ። ስለዚህ አንድን መስመር ለመፍረድ ከጭነት (ከረንት ከሚስብ ነገር) ጋር መለካት ግድ ነው፤ ሁለቱ ፕሮቦች ደግሞ በተጠረጠረው መገናኛ ሁለት ወገን ላይ ይረፉ። በደህና መገናኛ ላይ ጥቂት ሚሊ ቮልት፣ በታመመው ላይ ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ይታያል።

ተቃራኒውም አለ፤ 12 ቮልት የተጻፈበት ባለ ትራንስፎርመር አሮጌ አዳፕተር ያለ ጭነት 16 ወይም 17 ቮልት ቢያሳይ አልተበላሸም። የ12 ቮልቱ ኤሲ ጫፍ 17 ቮልት ነው፤ ከዚያ ሁለት ዳዮዶች 1.4 ቮልት ቢወስዱ 15.6 ይቀራል፣ ትራንስፎርመሩም ሳይጫን ከተጻፈበት በላይ ይሰጣል።

አማካይ ቁጥር የሚደብቀው

አርዱዊኖ ኡኖ በሚባለው በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ ቦርድ ላይ አናሎግ ራይት 64 የሚል ትእዛዝ (ከ255 ውስጥ 64፣ ሩብ ያህል) ስንጽፍ መልቲሜትሩ 1.25 ቮልት ያሳያል። ያ እግር ግን መቼም 1.25 ቮልት ሆኖ አያውቅም፤ በሰከንድ 490 ጊዜ ገደማ፣ በሁለት እግሮቹ ላይ ደግሞ 980 ጊዜ፣ በ0 እና በ5 ቮልት መካከል እየተመላለሰ ከጊዜው ሩብ ያህል 5 ቮልት ይሆናል። መለኪያው አማካዩን ነገረን።

መብራት ሲጠፋ የምንጠቀምባቸው ርካሽ ኢንቨርተሮች በዚህ ረገድ ብዙ ሰው አስደንግጠዋል። 220 ቮልት ተብሎ የተገዛው ኢንቨርተር በመልቲሜትር 173 ቮልት ያሳያልና ገዢው «ተታለልኩ» ይላል። የእነዚህ ኢንቨርተሮች ሞገድ ክብ ሳይሆን እንደ ደረጃ የተቆረጠ ነው፤ ከፍታው 311 ቮልት ሆኖ ከጊዜው ግማሹን ብቻ ቢቆም የሚሰጠው ትክክለኛ ጉልበት የ220 ቮልት ነው፣ አማካዩ ግን 155.5 ነው። ርካሽ መለኪያ ይህን አማካይ ለክብ ሞገድ በሚሆነው 1.11 አባዝቶ 173 ብሎ ይጽፋል። ትሩ አርኤምኤስ (ትክክለኛውን ጉልበት የሚያሰላ) የሚል የተጻፈበት መለኪያ ያንኑ ኢንቨርተር 220 ብሎ ያነባል።

ክፍሎቹ የራሳቸው ጠባይ ሲኖራቸው

7805 ሬጉሌተር (ቮልቴጅን 5 ላይ የሚያጸና ክፍል) 5 ቮልት ለማውጣት ቢያንስ 7 ቮልት ገደማ መግባት አለበት፤ 6.3 ቮልት አስገብቶ 4.5 ማግኘት የሬጉሌተሩ ብልሽት አይደለም። ያለ ሙቀት ማስወጫ ብረት 12 ቮልት ተሰጥቶት ግማሽ አምፔር ሲጠየቅ 3.5 ዋት ሙቀት ስለሚያፈራ ራሱን ያጠፋል፣ ሲበርድ ይመለሳል፤ በመለኪያው ላይ የሚወድቅና የሚነሳ ቮልቴጅ ይታያል።

ማብሪያ ሆኖ የሚሠራ ኤንፒኤን ትራንዚስተር (ሦስቱ እግሮቹ ቤዝ፣ ኤሚተርና ኮሌክተር ይባላሉ) ሲከፈት ከቤዙ እስከ ኤሚተሩ 0.7 ቮልት ገደማ ይኖረዋል፣ ኮሌክተሩም ወደ 0.2 ይወርዳል። ቤዙ ላይ 3 ወይም 5 ቮልት ማግኘት «በደንብ እየተነዳ ነው» ማለት አይደለም፤ ያ መገናኛ ውስጡ ተበጥሷል፣ ወይም ኤሚተሩ ግራውንድ አላገኘም።

ኤልኤም 358 በሚባለው ማጉያ አይሲ ላይ እኔ ራሴ አንድ ከሰዓት አጥፍቻለሁ። በ5 ቮልት የሚሠራ የባትሪ መሙያ መቆጣጠሪያ ሠርቼ ውጤቱ ከ3.6 ቮልት አልፎ አልወጣ አለኝ። አይሲውን ቀየርኩ፣ ሬዚስተሮቹን ቀየርኩ፣ ሦስተኛ አይሲ ገዛሁ። ይህ አይሲ ወደ ግራውንድ ተጠግቶ መውረድ ቢችልም ከፖዘቲቭ ወገን ግን 1.5 ቮልት ገደማ ሲቀረው ይቆማል፤ ይህ በአምራቹ ሰነድ ላይ ተጽፎ ነበር፣ እኔ ግን ሰነዱን የከፈትኩት ሦስተኛውን አይሲ ካቃጠልኩ በኋላ ነው።

መብራት ያልተሰጠው አይሲ ላይ 4.4 ቮልት ማግኘትም አለ። የፖዘቲቭ እግሩ ሽቦ ተቋርጦ ሳለ ከሌላ ቦርድ 5 ቮልት በመግቢያ እግሩ ሲመጣ፣ በአይሲው ውስጥ ባለው መከላከያ ዳዮድ በኩል 0.6 ቮልት ቀንሶ ወደ ፖዘቲቩ ይሻገራል። አይሲው በግማሽ ልብ ይሠራል። ምልክቱ ይህ የ0.6 ቮልት ልዩነት ነው፤ የሲግናል ገመዱን ሲነቅሉ ቮልቴጁ ከጠፋ ነገሩ ተረጋገጠ።

ወደ ሪሲቨሩ

ሳይጫን 5.1፣ ሲጫን 3.8። ከላይ ያየነው እንደሚነግረን የመጀመሪያው ልኬት ስለ ፓወር ሰፕላዩ ጤና ምንም አይናገርም፤ ሁለተኛው ደግሞ ፓወር ሰፕላዩንም ዋናውን ቦርድም እኩል ይከሳል። ሁለቱን ለመለየት ዋናውን ቦርድ አውጥተን በምናውቀው ጭነት እንተካዋለን። ባለ 5 ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር በ5 ቮልቱ መስመር ላይ ሲያያዝ 1 አምፔር ይስባል፤ ከማያያዝዎ በፊት ግን መስመሩ 1 አምፔር መስጠት እንደሚችል ፓወር ሰፕላዩ ላይ ከተጻፈው ያረጋግጡ፤ ሬዚስተሩም ስለሚግል በእጅ አይያዝ። ቮልቴጁ 5 ላይ ከጸና ጥፋቱ የዋናው ቦርድ ነው። እዚህ ሪሲቨር ላይ ግን 3.9 ላይ ወረደ፤ ስለዚህ የታመመው ፓወር ሰፕላዩ ነው።

ቀጥሎ የሚጠረጠረው የውጤቱ ካፓሲተር ነው። በ50 ኸርዝ ትራንስፎርመር በሚሠራ ፓወር ሰፕላይ ላይ ቢሆን መለኪያውን ወደ ኤሲ አዙረን በ0.1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር በኩል የ100 ኸርዙን ውዥዋዤ እንለካ ነበር። ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ግን በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ስለሚመታ፣ ጥቂት መቶ ኸርዝ ድረስ ብቻ የሚያይ ርካሽ መልቲሜትር በዚህ ላይ ዕውር ነው፤ ኤሲ ላይ ዜሮ ቢያሳይ ምስክርነቱን አንቀበልም። ኦሲሎስኮፕ ከሌለ ያለው መንገድ ይህ ነው፦ ሶኬቱን ነቅለው፣ ደህና መሆኑ የታወቀ 1000 ማይክሮ ፋራድ፣ 16 ቮልት፣ 105 ዲግሪ የተጻፈበት ካፓሲተር ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ሳያሳስቱ ከነባሩ ጋር ጎን ለጎን በጊዜያዊነት ይበይዱ፤ የ5 ኦሙ ሬዚስተር እንደተያያዘ መልሰው ያብሩ። ቮልቴጁ ከ3.9 ወደ 5.0 ዘሎ ወጣ። ነባሩ ካፓሲተር አናቱ ያላበጠ፣ ከውጭ ሲያዩት አዲስ የሚመስል ነበር፤ በውስጡ ግን ደርቋል።

አዲሱን በቋሚነት በይደን፣ ዋናውን ቦርድ መልሰን ሰክተን ስንለካ 5.05 ቮልት ሆነ፣ ሪሲቨሩም ተነሳ። በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በእስክሪብቶ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «5 ቮ መስመር፣ ከቦርድ ጋር 5.05፣ ጥቁር በውጤቱ ኔጋቲቭ፣ በባለ 10 ሜጋ መለኪያ።»